«ወላጅ ይዘህ ና» ሲባል፦ ከልጁ ጎን ሆኖ ትምህርት ቤት የመሄድ አሠራር

እኔ ያሳደግኩት የእህቴን ልጅ ነው። እናቱ ቤሩት ናት። ሰባት ዓመት ሲሞላው ሄደች፣ አሁን አሥራ ሰባት ሊሞላው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «ወላጅ ይዘህ ና» ሲለው ወላጁ እኔ ነኝ። ቢያንስ በወረቀት። በተግባር ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ወላጅ ሆና የሄደችው ታክሲ መያዣው ጋ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። በሃምሳ ብር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዩኒት ሊደሩ (የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው ኃላፊ) ፊት ቆማ፣ «ሁለተኛ አይለምደውም» ብላ ፈርማለታለች። ፊርማዋን በኋላ ፋይሉ ውስጥ አየሁት፤ ከኔ ፊርማ ያምራል።

አሁን እስቃለሁ፣ ያኔ ግን አልሳቅኩም። በሦስተኛው ጥሪ ራሴ ሄድኩና ገና ሳልቀመጥ ልጁን በመምህራኑ ፊት በጥፊ አልኩት። «ቅጡልኝ፣ ዓይኑን ብቻ አትንኩብኝ» አልኩ፤ እናቴ ለኔ መምህር ያለችውን ቃል በቃል። ጥፋቱ መደባደብ ነበር። ለምን እንደተደባደበ አልጠየቅኩም፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ማናችንም አልጠየቅንም። ከአራት ወር በኋላ ነው የሰማሁት፦ ሦስት ልጆች ከግቢው ውጪ እየጠበቁ የታክሲና የምሳ ብሩን ለሳምንታት ሲቀበሉት ኖረዋል። ያን ቀን እምቢ አለ። ይኸው ነው ጥፋቱ።

ልጅ ወላጅ የሚከራየው ውሸታም ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እውነተኛውን ወላጅ ይዞ ቢሄድ ከሳሹ አንድ የነበረው ሁለት እንደሚሆንበት ያውቃል። ቡና የምታፈላዋ ሴት ቢያንስ አልመታችውም።

ከዚያ ወዲህ ለሱም፣ ለጎረቤት ልጆችም ብዙ ቢሮ ገብቼ ወጥቻለሁ። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። እናት ወይም አባት ባትሆኑም፣ አክስት ወይም ታላቅ ወንድም፣ ወይም ልጁ ራሱ አምኖ የመረጣችሁ ጎረቤት ብትሆኑም አሠራሩ ያው ነው።

1. ጥሪው የመጣ ቀን ማታ

አትጩሁ። ቢያንስ ያን ማታ።

ጎረምሳን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ዓይን ዓይኑን ብታዩት አፉ ይዘጋል። እጃችሁ ሥራ ሲይዝና ዓይናችሁ ሌላ ቦታ ሲሆን ይናገራል። ሽንኩርት እየላጣችሁ፣ ዳቦ ቤት አብራችሁ እየሄዳችሁ፣ ልብስ እያሰጣችሁ። የኔው ያንን የብር ነገር የነገረኝ መብራት ጠፍቶ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ስበረብር ነው፤ ፊቴን ስላላየ ይመስለኛል።

«ምን አጠፋህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህ ጥያቄ ፍርዱን አስቀድሞ ይዞ ይመጣል። «ምን ሆነ?» በሉና ዝም በሉ። ሲያቆም «እሺ፣ ከዚያስ?»። ብዙው ነገር ያለው ከሁለተኛው «ከዚያስ» በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ነገ እዚያ ምን ብልልህ ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የኔው መጀመሪያ የመለሰልኝ «ምንም። ዝም ብለሽ ተቀመጪ» የሚል ነበር። ለኔ ትልቁ ሥራ እሱ ሆነ።

«ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ግን አትማሉ። ልጁ አደጋ ላይ ከሆነ መናገራችሁ አይቀርም፤ ያኔ የማላችሁት መሐላ እምነቱን ይዞት ይሄዳል። «ከመናገሬ በፊት ለአንተ እነግርሃለሁ» በሉ። ይህን ቃል መጠበቅ ይቻላል።

ለሴት ልጅ አሳዳጊዎች አንድ ነገር፣ በተለይ ለአባቶችና ለአጎቶች። «በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ትቀራለች» ተብላችሁ ከተጠራችሁ፣ ስለ ፍቅረኛ ከማሰባችሁ በፊት ሞዴስ መግዣ አላት ወይ፣ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውኃና መዝጊያ አለው ወይ ብላችሁ አስቡ። እሷ አፍ አውጥታ አትነግራችሁም። እናቷን ወይም አክስቷን አስጠይቁ፤ አለበለዚያ ዝም ብላችሁ ገዝታችሁ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጡላት።

2. ጻፉት

ደብተር አውጡና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንዳየ ጻፉ። «ሁልጊዜ ይመቱኛል» የሚል አቤቱታ ቢሮ ውስጥ አንድ ደቂቃ አይቆይም። «ማክሰኞ፣ ከአራተኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ፣ በዚህ በር በኩል» የሚለውን ግን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። የተቀደደ ደብተር ወይም የተላከ የቴሌግራም መልእክት ካለ ፎቶ አንሱት። መልእክቱን ተናዳችሁ እንዳታጠፉት፤ እኔ አንዴ አጥፍቼ የጸጸተኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

ወላጅ ካልሆናችሁ እናንተ ማን እንደሆናችሁ የሚያሳይ ወረቀትም ያዙ። ጥሩው ጊዜ ምዝገባ ነው፤ ቅጹ ላይ የአሳዳጊ ስም የሚለው ቦታ ላይ ስማችሁና ስልካችሁ ይግባ። እናትየው ወይም አባትየው ውጪ አገር ከሆኑ ውክልና ያስፈልጋል። እህቴ ቤሩት ካለው ቆንስላችን አስደርጋ ላከችልኝ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋገጥኩት፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ግን ከዚያ በኋላ «እርስዎ ምኑ ነዎት?» የሚለኝ አላጋጠመኝም።

3. ማን ምን እንደሚል አስቀድማችሁ ተስማሙ

መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ይሁን። ቤት ውስጥ ይለማመደው። አፍሮ ይስቃል፣ ይሳቅ። ሁለት ደቂቃ የሚሆን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይሳደብና ሳይምል።

ጥፋቱ እውነት ከሆነ አትሸፍኑለት። መስታወት ሰብሮ ከሆነ ሰብሯል። ይቅርታውን ግን ራሱ ይጠይቅ፣ በናንተ አፍ አይሁን። ክፍያ ካለ ከኪስ ገንዘቡ በትንሽ በትንሹ ያዋጣ። እናንተ የምትቆሙት ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር እንዲመጣጠንና ሳይሰማ እንዳይፈረድበት ነው።

አባትየው ቤት ውስጥ ካለና ልጁ የሚፈራው ደግሞ እሱን ከሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ በፊት እዚያ ምልጃ ያስፈልጋል። ይሄ እንግዲህ የኛ ሰው ያውቅበታል፤ ለዕዳም ለትዳርም ሽማግሌ እንልካለን፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን ማንም ሽማግሌ አይሆንም። ሁኑለት። ልጁ በሌለበት፣ አባት በልቶ ጠግቦ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የመጣሁት ልለምንዎት ነው፤ ነገሩን ልነግርዎት ነው፣ ግን እስክጨርስ አይነሱ» ይባላል። ሁልጊዜ አይሠራም። ሲሠራ ግን ልጁን ከጎዳና ያስቀራል።

4. የቢሮው ቀን

ጠዋት በሰልፍ ሰዓት አትሂዱ፤ ሁሉም ይሯሯጣል፣ ማንም አይሰማችሁም። ከቻላችሁ ደውላችሁ ሰዓት ያዙ። መታወቂያ አትርሱ።

በሩ ላይ ዘበኛውን በደንብ ሰላም በሉት፣ አረፍ ብላችሁም አውሩት። ግቢው ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ብዙ የሚያየው እሱ ነው። የኛው ዘበኛ ሦስቱን ልጆች በመልክ ያውቃቸው ነበር፤ «እነዚያ እኮ የዚህ ተማሪ አይደሉም፣ ሁልጊዜ ከሱቁ ጥግ ነው የሚቆሙት» አለኝ። ከዚያ በፊት የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ቢሮ ስትገቡ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ለወላጅ ነው፣ ልጁ ይቆማል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ተከሳሽ። ወንበር ጠይቁለት። «እሱም ይቀመጥ፣ እባክዎ» ማለት ብቻ ነው። ወንበር ከሌለ አብራችሁት ቁሙ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የክፍሉን አየር ግን ትለውጣለች፣ ልጁም ይህችን አይረሳትም። ስትቀመጡ ከጎኑ እንጂ ፊት ለፊቱ አትቀመጡ።

ከዚያ ወሬው ይጀምራል። «እህቴ፣ ይሄ ልጅ አስቸግሮናል።» እዚህ ላይ ሁለት ፈተና አለ። አንዱ ወዲያው «በጣም ይቅርታ፣ እኔም አስቸግሮኛል» ብሎ የቤቱን ገመና መዘርገፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳህን አላጥብም ማለቱ ለዩኒት ሊደር ምን ይሠራል? ሌላው መምህሩ ላይ መጮህ ነው። መምህሩ በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ታጭቆበት፣ በምን ደመወዝ እንደሚያስተምር እናውቃለን። ከጮሃችሁበት ልጁን ነገ ክፍል ውስጥ የሚያገኘው እሱ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። እኔ እንዲህ እላለሁ፦

«መምህር፣ መጀመሪያ እርስዎ ያዩትን ይንገሩኝ። ከዚያ እሱ ያየውን ይናገር። እኔ ሁለታችሁንም ልስማ።»

ከሰማችሁ በኋላ የምትጠይቁት አጭር ነው። ይሄ በትምህርት ቤቱ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የቱ ላይ ነው? ደንቡን ማየት እችላለሁ? ቅጣቱን የወሰነው ማን ነው? ከመቼ እስከ መቼ ነው? ከክፍል ከታገደ ያመለጠውን ፈተና እንዴት ይፈተናል? ይሄ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ልጁን የሚጥለው ደግሞ እሱ ነው፤ ሦስት ቀን ታግዶ ሁለት ፈተና ያመልጠዋል፣ ከዚያ ጥፋቱ ተረስቶ ዜሮው ብቻ ይቀራል።

ልጁ ሲናገር ቢሳሳት አታርሙት። ቢያለቅስ ጠብቁ።

በመጨረሻ የሚፈረም ወረቀት ይመጣል። «ሁለተኛ ቢገኝ ከትምህርት ቤቱ ይሰናበታል» የሚል ዓይነት። ቆማችሁ አትፈርሙ፤ ተቀመጡና አንብቡ። ያልተስማማችሁበት ካለ ከፊርማችሁ በላይ በእጃችሁ ጻፉበት፦ «ልጁ ብሩን ሲቀሙት እንደነበር ተናግሯል፣ ትምህርት ቤቱ እንዲያጣራ ጠይቄያለሁ» ብላችሁ፣ ቀን ጨምሩ። ፎቶ አንሱ። አንሺ አታንሺ ጭቅጭቅ ከመጣ ኮፒ ጠይቁ።

5. ልጁ ተመትቶ ከሆነ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ወይም ጭካኔ ካለበት ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። «ሕፃን» ሲባል ደግሞ ጢም ያበቀለውንም ይጨምራል፤ ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ነው ሕፃን የሚለው። የኔው ይሄን ሲሰማ በጣም ነው የተናደደው። መብቱን ግን ወዶታል። ያው ስምምነት፣ አንቀጽ 12 ላይ፣ ልጁ ራሱን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን የመናገርና የመደመጥ መብት እንዳለው ይናገራል። ወንበሩን ስትጠይቁለት የምትጠይቁት ይህንን ነው።

አንቀጹን ርእሰ መምህሩ ፊት እንደ ዱላ አታንሱት። ቁስል ካለ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሕክምና ማስረጃ ያዙ። ከዚያ ርእሰ መምህሩን ለብቻቸው አግኙና «እኔ ልጄን ቤት ውስጥ መምታት ትቻለሁ፣ እዚህም እንዳይመታብኝ ነው የመጣሁት» በሉ። እውነት ካልተዋችሁ ግን አትበሉት። ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ እየሰማ ነው።

6. ካልተሰማችሁ በደብዳቤ ውጡ

የቃል አቤቱታ በር ላይ ይቀራል። ደብዳቤ ጻፉ፤ አንድ ገጽ፣ በቀን በቀን የተቀመጠ፣ መጨረሻው ላይ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ ሌላው ላይ ገቢ መሆኑን በቁጥርና በማኅተም አስመቱ። ያች ማኅተም ያለባት ቀሪ ከሌለች ደብዳቤ ጽፋችኋል አይባልም። ይሄን ያልኩት በራሴ ደርሶ ነው፤ አንድ ቢሮ ሦስት ሳምንት አመላልሶኝ በመጨረሻ «የምን ደብዳቤ?» ብሎኛል።

ቅደም ተከተሉ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ነው፦ ርእሰ መምህር፣ የወላጅና መምህራን ኅብረት (ወመህ የሚባለው)፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ክፍለ ከተማ፣ ትምህርት ቢሮ። ወመህን አትዝለሉት። አባላቱ እንደናንተው ወላጆች ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ጉዳዩ እዚያ ያልቃል። ሁሉም ካልሰማ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላሉ። ብቻችሁን አትሂዱ። ያው ችግር የደረሰበት ሌላ ወላጅ ሁልጊዜ አለ፤ በሩ ላይ ልጅ ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ።

7. ነገሩ ከትምህርት ቤት ጥፋት በላይ ከሆነ

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ጣሉት።

ልጅ ተደፍራ ወይም ተደፍሮ ከሆነ (ወንዶችም ይደርስባቸዋል፣ ዝም ስለሚሉ ነው) አታጥቡ፣ ልብስ አትቀይሩ፤ ከቀየራችሁም ልብሱን በወረቀት ከረጢት አስቀምጡ። በቶሎ ሆስፒታል። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው መጀመር ያለበት፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለው፤ ልጅቷ ታሪኳን አምስት ቦታ እየደገመች እንዳትናገር ነው የተቋቋመው። የሕግ እርዳታ ላጣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። ዘመድ መጥቶ «በሽምግልና ይለቅ» ሲላችሁ፣ ምልጃ እወዳለሁ ብያለሁ፣ ለዚህ ግን ሽማግሌ የለም።

ልጁ መብላት ትቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ዕቃውን ለጓደኞቹ ማደል ከጀመረ ደግሞ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። «አዎ» ካለ አትደንግጡበት፣ አትስበኩለት፣ ብቻውን አትተዉት፤ ቤት ያለውን መድኃኒትና መርዝ ቆልፉ፣ ወደ ሕክምና ውሰዱት። አማኑኤል ሆስፒታል ሰው ካየን ምን ይለናል የሚለውን እዚያው ቤት ተዉት። ጠበልም የሚሄድ ይሂድ፣ ሐኪሙ የሰጠውን መድኃኒት ሳያቋርጥ።

ፖሊስ ይዞት ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የዕድሜ ማስረጃ ነው። መታወቂያ የሌለው ጎረምሳ ዕድሜው በቁመቱ ይገመታል፣ ረጅም ከሆነ ጉድ ፈላ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከወረዳው ወሳኝ ኩነት ዛሬውኑ አውጡና ኮፒውን ስልካችሁ ላይ ያዙ። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ያለው ለአዋቂ የተደነገገ ቅጣት አይጣልበትም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ጣቢያ ስትሄዱ ምግብና ጋቢ ያዙ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የመርማሪውን ስም ጻፉ።

8. ጥሪው ከአገር ሲመጣ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ቀን ማንም ወላጅ ይዘህ ና አይልም፤ ስልኩ ላይ ቁጥር ይመጣል። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በጥቅምት 2015 ሲሰጥ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በቀጣዩ ፈተና 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። እነዚህን ቁጥሮች የምጠቅሰው ልጁን ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ውጤቱ ሲመጣ «የእገሌ ልጅ አልፋለች» የሚል ዘመድ ይደውላል፤ ያን ስልክ እናንተ አንሱት። ከመቶ ከዘጠና በላዩ ባላለፈበት ፈተና አንድ ልጅ ለብቻው የቤተሰቡ ውርደት ሊሆን አይችልም፣ ብላችሁ ዝጉት።

ያን ሳምንት ስለ ወደፊቱ አታውሩ። በሳምንቱ ግን ቁጭ በሉና ያሉትን መንገዶች አብራችሁ ጻፉ። ሪሚዲያል (ግማሽ ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ይደርሰዋል ወይ፣ በግል ደግሞ ይፈተናል ወይ፣ ቴክኒክና ሙያ ይሻለዋል ወይ። ምርጫውን እሱ ያድርግ፣ እናንተ ትራንስፖርቱንና ወረቀቱን ያዙ።

9. ሳትጠሩ ሂዱ

ይህችኛዋ ብዙ ሰው የማያደርጋት ናት። ከጥሪው ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማንም ሳይጠራችሁ፣ ተመልሳችሁ ሂዱ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። እኔ ስሄድ ዘበኛው ከሩቅ አይቶኝ ራሱን ነቀነቀ።

«ደግሞ ምን አደረገ?» አለኝ።

«ምንም። ሰላም ልላችሁ ነው።»

አላመነኝም። መታወቂያዬን ተቀበለኝና ዩኒት ሊደሩ ጋ ራሱ አደረሰኝ። ዩኒት ሊደሩም ፋይሉን ከመሳቢያ አውጥቶ ገለጠ፣ ምንም አዲስ ነገር ሲያጣ ዘጋውና ሻይ አዘዘልኝ።